“ባለቤትሽ ምንድን ነው የሚያጠናው?”

ባለቤቶቻቸው አሜሪካ ለሚማሩና ለሚሠሩ ሰዎች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ

እንደምን አመሻችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ወደፊት ኑ፣ እዚህ ሦስት ባዶ ወንበር አለ። አትፍሩ፣ ዛሬ ጠያቂ የለም።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ይታወቅልኝ። ጠበቃ አይደለሁም። የተማሪ የትዳር ጓደኛ በሚሄድበት፣ ኤፍ-2 በሚባለው ቪዛ አመልክቼ መጀመሪያ የተከለከልኩ፣ በሁለተኛው የተሰጠኝ ሰው ነኝ። ከዚያ ወዲህ ጓደኛ ለጓደኛ እየነገረ ከብዙ ሰው ጋር ቁጭ ብዬ ፎርም አይቻለሁ፣ ኢንተርቪው አለማምጃለሁ። የማወራውም ያየሁትን ነው። ሕጉ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል። ከማመልከታችሁ በፊት የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ፣ ትራቭል ዶት ስቴት ዶት ጎቭ ላይ ገብታችሁ የዕለቱን አንብቡ። የዛሬ ሦስት ዓመት የሄደች የአክስት ልጅ የምትነግራችሁ ልምድ ነው፣ ሕግ አይደለም።

“እሱ” እያልኩ የማወራው ደግሞ ለአፌ እንዲቀለኝ ነው። ሚስቶቻቸውን ተከትለው የሚሄዱ ወንዶች እዚህ አሉ፣ እያየኋችሁ ነው። ለእናንተም ነው የምናገረው።

መጀመሪያ እንዴት እንደተከለከልኩ ልንገራችሁ። ሦስት ወር ሙሉ ሰነድ ሰብስቤያለሁ። ፋይሌ የጡብ ያህል ይከብዳል። ኤምባሲው መስኮት ጋ ስደርስ የሚጠይቀው ኦፊሰር ደህና ሰው ነበር። ፈገግ ብሎ “ባለቤትሽ ምን ያጠናል?” አለኝ። “ግብርና” አልኩት። “እዚያ ስትሄጂስ ምን ለመሥራት አስበሻል?” አለኝ። ቁጭ ብላ የምትጦር ሚስት እንዳልመስለው ብዬ፣ ኮራ ብዬ “ዝም ብዬ አልቀመጥም፣ ሥራ እፈልጋለሁ” አልኩት። ፈገግታው አልጠፋም። ኪቦርዱን ጥቂት ነካካ። ከዚያ በመስኮቱ ሥር አንዲት ወረቀት አሳልፎ ሰጠኝ። 214(ቢ) ትላለች። ፋይሌን አልከፈተውም። ሁሉም ነገር ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ኤፍ-2 ቪዛ ያለው ሰው አሜሪካ ውስጥ መሥራት አይችልም። ጨርሶ። የግማሽ ቀን ሥራም ቢሆን፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥም ቢሆን አይችልም። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ሦስት ወር ወረቀት ሳሯሩጥ፣ የምለምነው ቪዛ ምን እንደሚፈቅድና ምን እንደሚከለክል አንድም ቀን አላነበብኩም። እኔ “ታታሪ ነኝ” ማለቴ ነበር። እሱ የሰማው “ሕጉን ልጥስ ነው የምሄደው” የሚል ነው። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እከለክለኝ ነበር።

ስለዚህ ከዚህ እንጀምር። ዲፔንደንት፣ ማለትም የተከታይ ቤተሰብ ቪዛ የሚባል አንድ ቪዛ የለም። የእናንተ ቪዛ የእሱን ይከተላል። እሱ ተማሪ ሆኖ ኤፍ-1 ከሆነ እናንተ ኤፍ-2 ናችሁ። በልውውጥ ፕሮግራም፣ ለምርምርም ይሁን ለፌሎሺፕ፣ ጄ-1 ሆኖ ከሄደ ጄ-2። በሙያው ተቀጥሮ ኤች-1ቢ ካገኘ ኤች-4። ኩባንያው ከሌላ አገር ቅርንጫፍ ካዛወረውና ኤል-1 ከሆነ ኤል-2። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል እንጂ ሕይወታችሁን የሚወስነው እሱ ነው።

ለምሳሌ ሥራን እንይ። ኤል-2 የሆነ የትዳር ጓደኛ ገና እንደገባ መሥራት ይችላል። ከ2022 ጀምሮ የመግቢያ መዝገቡ ላይ “ኤል-2ኤስ” ተብሎ ይጻፍለታል፣ ሌላ የፈቃድ ካርድ መጠበቅ የለበትም። ጄ-2 ከገባ በኋላ የሥራ ፈቃድ ማመልከት ይችላል፤ ገቢው ግን ጄ-1 የሆነውን ባለቤት ለመደገፍ የሚውል መሆን የለበትም። ኤች-4 ላይ ከ2015 ጀምሮ ለአንዳንዱ ብቻ ተፈቅዷል። ባለቤትየው የግሪን ካርድ ሂደት ጀምሮ አይ-140 የሚባለው ማመልከቻ ከጸደቀለት፣ ወይም ከኤች-1ቢ የስድስት ዓመት ገደብ ያለፈ ማራዘሚያ ካገኘ ማለት ነው። ኤፍ-2 ምንም የለውም። ትምህርት ግን በግማሽ ጊዜ መማር ይችላል። ሙሉ ጊዜ መማር ከፈለገ ራሱ ወደ ኤፍ-1 መቀየር አለበት። ሌሎቹ ሙሉ ጊዜም ይማራሉ።

ያቺ 214(ቢ) የምትባለው የሕግ አንቀጽ ደግሞ ምን ትላለች? ለጊዜያዊ ቪዛ የሚያመለክት ሰው ሁሉ እዚያው ሊቀር እንዳሰበ ይቆጠራል ነው የምትለው። እንደዚያ አለመሆኑን የማሳመን ሸክሙ የእናንተ ነው። ነገር ግን ኤች-1ቢና ኤል፣ ከነቤተሰቦቻቸው፣ ከዚህ ግምት ውጭ ናቸው። አንዲት ኤች-4 የምታመለክት ልጅ የቤት ካርታ፣ የመኪና ሊብሬ፣ የወንድሟን ንግድ ፈቃድ ሳይቀር ተሸክማ መጣችብኝ። እንደምመለስ ላሳያቸው ብላ ነው። የምትመለስበትን ማሳየት የሚያስጨንቀው ኤፍ-2 እና ጄ-2 ለሚያመለክት ሰው ነው። የእሷ ጭንቅ የባሏ ሥራ የእውነት ሥራ መሆኑ፣ ትዳሯም የእውነት ትዳር መሆኑ ነው። ካርታውን መልሳ አስቀመጠችና የደመወዝ ወረቀቱን ፍለጋ ሄደች።

ጄ-2 የምታመለክቱ አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። አንዳንድ ጄ-1 ሰዎች ፕሮግራሙ ሲያልቅ ለሁለት ዓመት ወደ አገራቸው የመመለስ ግዴታ አለባቸው። እሱ ላይ ካለ እናንተም ላይ አለ። ዲኤስ-2019 የሚባለው ወረቀቱና ቪዛው ላይ ብዙ ጊዜ ተጽፎ ይገኛል። ከመሄዳችሁ በፊት እወቁት፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ዱብ ዕዳ እንዳይሆንባችሁ።

አሁን ዛሬ ወደ ጠራችሁኝ ዋና ነገር ልምጣ።

ሰው ሁሉ ለኢንተርቪው ሲዘጋጅ ስለ ራሱ ነው የሚዘጋጀው። ስሜ፣ ሥራዬ፣ ለምን እንደምሄድ። መስኮቱ ላይ ግን አብዛኛው ጥያቄ ስለ እሱ ነው። ነገሩም ግልጽ ነው። እናንተ የምትሄዱት እሱ ስላለ ነው። የሚያኖራችሁ እሱ ነው። ፕሮግራሙ ሲያልቅ የእናንተም ፈቃድ አብሮ ያልቃል። ኦፊሰሩ ማወቅ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ ይህ ሰው እዚያ የሚሠራው እውነት ነው ወይ፣ እናንተስ የምር ሚስቱ ናችሁ ወይ። የሁለቱም መልስ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛል። ስለ ባሏ ኑሮ የምታውቅ ሚስት ሁለቱንም በአንድ አፍ ትመልሳለች።

አንዲት ልጅ ላለማምዳት ቁጭ አልን። ባሏ ከሄደ ሁለት ዓመቱ ነው። እኔ ኦፊሰሩን ሆኜ ጠየቅኋት።

“ባለቤትሽ ምንድን ነው የሚያጠናው?”

“ኢንጂነሪንግ።”

“ምን ዓይነት ኢንጂነሪንግ?”

“ሲቪል ነበር... አሁን ግን ሌላ ነው መሰለኝ። ፒኤችዲ ነው።”

“ስለ ምን?”

“እሱ ነው የሚያውቀው።”

ልብ በሉ፣ በየቀኑ በስልክ የሚያወሩ ባልና ሚስት ናቸው። ምን እንደበላ ታውቃለች። ብርዱ እንዴት እንደያዘው ታውቃለች። አብሮት የሚኖረው ልጅ ሌሊት ጊታር እየመታ እንቅልፍ እንደሚነሳው ሳይቀር ታውቃለች። ቀኑን ሙሉ ስለሚውልበት ነገር ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር የላትም። “ደውዪለት” አልኳት። ስፒከር ላይ አደረግነው። እሱም በሴሚናር አፉ ጀመረ፣ ሞዴሊንግ፣ ትራንስፖርት፣ ፖረስ ሚዲያ ምናምን። አቋረጥኩት። “ለእናትህ እንደምትነግራት ንገራት” አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ “መሬት ውስጥ ያለ ውሃ በድንጋዩ መሐል አድርጎ የት እንደሚሄድ በኮምፒውተር አሰላለሁ። አንድ ፋብሪካ መርዝ ቢያፈስ፣ ሰው የሚጠጣበት ጉድጓድ ጋ መቼ እንደሚደርስ ለማወቅ ነው” አለ።

ልጅቷ ስልኩን አፍጥጣ አየችው። “ይሄን ነው እንዴ የምትሠራው?” አለችው።

ከዚያ በኋላ እኔን ረሱኝ። ውሃው ስንት ጊዜ ይፈጅበታል፣ አንተስ ጉድጓዱን ሄደህ ታየዋለህ ወይ፣ ፕሮፌሰርህ ምን ይልሃል እያለች ጠየቀችው። ግማሽ ሰዓት አወሩ። እኔ የዚያን ቀን ሌላ ነገር አላለማመድኳትም። አላስፈለጋትም።

እንግዲህ አንድ ምሽት ለዚህ ብቻ መድቡ። ቪዲዮ ደውሉለት፣ ወረቀቱን ሁለታችሁም ፊት አድርጉና አብራችሁ አንብቡት። ተማሪ ከሆነ ወረቀቱ ዩኒቨርሲቲው የሚሰጠው አይ-20 ነው። ዩኒቨርሲቲው የት ከተማ ነው? ፕሮግራሙ መቼ ጀመረ፣ መቼ ያልቃል? የትምህርት ክፍያውን ማን ይችለዋል? በአሲስታንትሺፕ፣ ማለትም ለዩኒቨርሲቲው እየሠራ የሚማር ከሆነ፣ ክፍያው ከተነሳለት በላይ በየወሩ ስታይፔንድ ያገኛል ወይ? ስንት? ቤት ኪራዩስ? እናንተ ስትሄዱ እዚያው ክፍል ነው የምትገቡት ወይስ ሌላ ቤት ይፈልጋል? ሠራተኛ ከሆነ ደግሞ የድርጅቱን ስም ማወቅ አይበቃም። ድርጅቱ ምን ሠርቶ ገንዘብ ያገኛል? እሱ እዚያ ውስጥ ምንድን ነው? ደመወዙ ስንት ነው፣ ከመቼ ጀምሮ? ኤች-1ቢው የጸደቀበት አይ-797 የሚባል ወረቀት አለ፤ ላዩ ላይ ያሉትን ቀኖች እወቁ።

ደመወዝ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። ባል ለሚስቱ ደመወዙን አይነግርም። ምክንያቱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ እዚህ አልገባበትም። ግን “ስንት ይከፈለዋል?” ተብላችሁ “በቂ ነው” ብትሉ፣ ኦፊሰሩ ቤታችሁ ውስጥ ምን እንዳለ ሳይሆን ትዳራችሁ አለ ወይ የሚለውን ነው ማሰብ የሚጀምረው።

ማወቅ ሌላ፣ መሸምደድ ሌላ ነው። አንድ ወንድም ሃያ ጥያቄ ከነመልሱ በእንግሊዝኛ አጥንቶ መጣ። በተራ ስጠይቀው እንደ ውሃ ይወርዳል። ተራውን አዛብቼ “መቼ ተጋባችሁ?” ስለው “ኮምፒውተር ሳይንስ” ብሎኝ አረፈው። ሁለታችንም ሳቅን። እዚያ ግን አያስቅም። በነገራችን ላይ ወንዶች “ሥራህን ትተህ ነው የምትሄደው?” የሚል ነገር ሊመጣባችሁ ይችላል። አትቆጡ። ሥራችሁ ፈቃድ ሰጥቷችሁ ከሆነ ደብዳቤውን ያዙ፣ ትታችሁ ከሆነም ትታችሁ ነው።

ወደ ፎርሙ እንለፍ። ዲኤስ-160 ይባላል፣ ኦንላይን ነው የሚሞላው። ሃያ ደቂቃ ያህል ዝም ካላችሁት ይዘጋባችኋል። ስለዚህ ሲከፈት የሚሰጣችሁን የማመልከቻ መለያ ቁጥር መጀመሪያ ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ከዚያ ሙሉ። ፎቶው አምስት በአምስት ሴንቲ ሜትር ነው፣ ነጭ ወይም ነጭ የሚመስል ጀርባ፣ ባለፉት ስድስት ወራት የተነሣ፣ ያለ መነጽር። ይሄን ቶሎ ልለፈው፣ ፎቶ ቤቶቹ ያውቁታል።

እኔ ዘግየት የምልበት ሌላ ነው። ፎርሙ ውስጥ “ይህን ማመልከቻ ስትሞላ የረዳህ ሰው አለ?” የሚል ጥያቄ አለ። ከፍሎ ያስሞላው ሰው ሁሉ እዚህ ጋ “የለም” የሚል መልስ ተሞልቶለት ይወጣል። የሞላለት ሰው ነዋ ስሙ እንዲገባ የማይፈልገው! ፎርሙን ግን በስሙ የፈረመው አመልካቹ ነው፤ የመላኪያውን ቁልፍ መጫን ፊርማ ነው። ሰው ቢሞላላችሁ ነውር የለውም። ግን ከመላኩ በፊት ከላይ እስከ ታች ራሳችሁ አንብቡ፣ የረዳችሁንም ሰው ጻፉ። አንዷን የማውቃት ልጅ ፎርም የሞላላት ሰው 350 ዶላር የሴቪስ፣ ማለትም የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ ክፍያ አስከፍሏታል። ያ ክፍያ ተማሪው የሚከፍለው ነው፤ ኤፍ-2 አይከፍልም። እናንተ የምትከፍሉት የቪዛ ማመልከቻውን ነው፤ ለኤፍ-2 እና ለጄ-2 185 ዶላር፣ ለኤች-4 እና ለኤል-2 205 ዶላር። ቢሰጣችሁም ባይሰጣችሁም አይመለስም።

ሌላው የድሮ ፎርማችሁ ነው። ከዚህ በፊት ለጉብኝትም ለትምህርትም አመልክታችሁ ታውቃላችሁ? ያኔ “ያላገባ” ብላችሁ ነበር? ዲቪስ ስትሞሉ ባለቤታችሁን አስገብታችኋል? የዛሬው የጋብቻ ቀን ከዚያ ጋር ይጋጭ እንደሆነ አሁን እዩት፣ እዚያ ከመታየቱ በፊት። ተከልክላችሁ ታውቁ እንደሆነም ይጠይቃል። ተከልክላችሁ ከሆነ “አዎ” ነው መልሱ። እኔ በሁለተኛው ፎርሜ ላይ “አዎ” ብዬ ሞልቼ፣ በየትኛው አንቀጽ እንደሆነም ጽፌ ነው የተሰጠኝ።

ሶሻል ሚዲያም አለ። ባለፉት አምስት ዓመታት የተጠቀማችሁባቸውን አካውንቶች ይጠይቃል። በ2025 ደግሞ የኤፍ፣ የኤም (የሙያ ትምህርት ተማሪ) እና የጄ አመልካቾች አካውንታቸውን ለሁሉም ክፍት እንዲያደርጉ መመሪያ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ኤች-1ቢና ኤች-4 ተጨመሩበት። ደንግጣችሁ ጠቅላላውን አትደምስሱ። ግን አግብታ አራት ዓመት የሆናት ሴት ፌስቡኳ ላይ እስካሁን “ሲንግል” የሚል ካለ፣ ዛሬ ማታ ታስተካክለው። አዎ፣ አንቺን ነው። እጅሽን አታውጪ፣ ፊትሽ ይናገራል።

ስምና ቀን ላይም ልቁም። ስማችንን በላቲን ፊደል ስንጽፈው አንዱ ፓስፖርት ላይ በአንድ ዓይነት፣ የጋብቻ ሰርተፍኬቱ ትርጉም ላይ በሌላ፣ አይ-20 ላይ በሦስተኛ ይሆናል። ገዢው ፓስፖርቱ ነው። ትርጉሙን ስታስተረጉሙ ፓስፖርቱን ይዛችሁ ሂዱ፣ “እንደዚህ ጻፍልኝ” በሉ። አይ-20 ላይ ከተሳሳተ ዩኒቨርሲቲው እንዲያርመው ባለቤታችሁ ቀድሞ ይጻፍላቸው። ኤፍ-2 ራሱን የቻለ አይ-20 በስሙ ይወጣለታል፣ ጄ-2 ዲኤስ-2019፤ የእሱን ኮፒ ብቻ ይዞ መሄድ አይበቃም። የባልና የሚስት የመጨረሻ ስም አንድ ባይሆን ግን ምንም አይደለም፣ በዚህ እንቅልፍ አትጡ። ሰነዱ በሌላ የዘመን አቆጣጠር ከተጻፈ ቀኑ ሲለወጥ አንድ ቀን ወዲህ ወይም ወዲያ ይዛነፋል። እኔ ፎርሙ ላይ ያስገባሁት የጋብቻ ቀንና ትርጉሙ ላይ ያለው በአንድ ቀን ይለያይ ነበር። በመጀመሪያው ማንም አላየብኝም፣ ለሁለተኛው ስዘጋጅ እኔው አገኘሁት። ሁለት የተለያየ የሠርግ ቀን ያላት ሙሽራ ነበርኩ ማለት ነው።

ትዳሩን በተመለከተ፣ መጀመሪያ ነገር በሕግ የጸና ጋብቻ መሆን አለበት። ቀለበት ማሰር አይቆጠርም። አብሮ መኖርም ለእነዚህ ቪዛዎች አይበቃም። የሠርጉ ቀንና የተመዘገበበት ቀን ከተለያየ ሁለቱንም እወቁና የትኛው የት እንደተጻፈ ለዩ። ፎቶ ያዙ፣ አልበም ግን አትሸከሙ። አሥር፣ ቢበዛ አሥራ አምስት፣ ከሠርጉም በፊት ከሠርጉም በኋላ ያለውን፣ ቤተሰብ ያለበትን፣ ጀርባው ላይ ቀንና ቦታ ተጽፎ። አንዳንዱ ሁለት መቶ ገጽ የቴሌግራም ወሬ አትሞ ይመጣል። ማን ያነበዋል? ለራሳችሁም ያሳፍራችኋል። ይልቅ እሱ ለእረፍት ሲመጣ ፓስፖርቱ ላይ የተመታው ማህተም፣ ለእናንተ የላከው ገንዘብ ደረሰኝ፣ አብራችሁ የሄዳችሁበት ትኬት ይበልጣል።

እሱ ከሄደ በኋላ ተጋብታችሁ ከሆነ ወይም ከተጋባችሁ ገና ሁለት ወራችሁ ከሆነ፣ “የት ተዋወቃችሁ?” የሚለው ይመጣል። ይህ ጥያቄ ሲመጣ ሰው ድንገት የጋዜጣ ቋንቋ መናገር ይጀምራል፤ “ከረጅም ጊዜ ትውውቅ በኋላ በፍቅር ተግባብተን...” ተዉት። ማን አስተዋወቃችሁ? የት ቁጭ ብላችሁ ነበር? መጀመሪያ የደወለው ማን ነው? እንደዚያ ተናገሩ።

የቀኑን ነገር ባጭሩ። ስልክ በአብዛኛው አያስገቡም፣ ቤት ተዉት ወይም ውጭ ለሚጠብቃችሁ ሰው ስጡ። የአሥር ጣታችሁን አሻራ ይወስዳሉ። ትጠብቃላችሁ። ከዚያ ቆማችሁ፣ በመስታወት በኩል፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ። ድምፁ በማይክ ስለሚመጣ አንዳንዴ አይሰማም። ካልሰማችሁ “ይድገሙልኝ” በሉ። ገምቶ መመለስ ነው የሚያበላሸው። በምትችሉት ቋንቋ ተናገሩ፤ እንግሊዝኛችሁ የሚያንቀጠቅጣችሁ ከሆነ በራሳችሁ ቋንቋ መሆን ይችል እንደሆነ ጠይቁ። የተጠየቃችሁትን መልሱና ዝም በሉ። ያ ዝምታ ከባድ ነው፣ አውቀዋለሁ። እሱ ሲጽፍ ዝም ማለት አቅቷቸው ያልተጠየቁትን የሚዘከዝኩ አሉ።

ከዚያ ሦስት ነገር ይሆናል። ፓስፖርታችሁን አስቀርቶ “ጸድቋል” ካላችሁ ደስታ ነው። ሌላው 221(ጂ) ነው፤ ወረቀት ጎድሏል ወይም ተጨማሪ ማጣራት አለ ማለት ነው። ጎድሏል የተባለውን ለማምጣት አንድ ዓመት አላችሁ። ከዚያ ካለፈ እንደገና ከፍላችሁ ትጀምራላችሁ። ስለዚህ የተጻፈውን ብቻ አምጡ፣ ቶሎ አምጡ። ሦስተኛው ያቺ የእኔዋ 214(ቢ) ናት።

ለ214(ቢ) ይግባኝ የለም። ፍርድ ቤትም በቆንስላ ውሳኔ ውስጥ አይገባም ማለት ይቻላል። በጁን 2024 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሙኞዝ በሚባለው መዝገብ ላይ፣ ዜጋ የሆነች ሚስት እንኳ ባሏ ቪዛ እንዲሰጠው ለመሟገት የሚያበቃት ሕገ መንግሥታዊ መብት የላትም ብሏል። ዜጋዋ እንዲህ ከተባለች የእኛ ክርክር የትም አያደርስም። የሚያዋጣው እንደገና ማመልከት ነው። የተወሰነ የመጠበቂያ ጊዜ የለውም፤ ነገም ማመልከት ትችላላችሁ። ግን ምንም ሳይለወጥ ነገ ብትሄዱ ውሃ ወቀጣ ነው፤ 185 ዶላሩም ይሄዳል።

ከክልከላ የሚብስ አንድ ነገር ውሸት ነው። ሐሰተኛ ሰነድ ማቅረብ ወይም ዋና ነገርን መዋሸት ከተረጋገጠ፣ ቅጣቱ የዕድሜ ልክ እገዳ ነው። እገዳውን ማንሻ (ዌቨር) የሚባል ልመና አለው፣ ግን ቀላል አይደለም። የባንክ ደብተር ላይ ሁለት ሳምንት የሚቆይ ገንዘብ የሚያበድሩ ሰዎች አሉ አይደል? ዓይናቸውን በጨው አጥበው “ሁሉም እንደዚህ ነው የሚያደርገው” ይሏችኋል። ስቴትመንቱ ላይ ገንዘቡ የገባበት ቀን ተጽፏል እኮ። የስድስት ወሩን ሲያዩ ድንገት እንደ እንጉዳይ የበቀለ ብር ማንም ያየዋል።

ቪዛው ተመቶ ሲመጣ ስማችሁን፣ የልደት ቀናችሁን፣ የቪዛውን ዓይነት እዚያው አረጋግጡ። ከእሱ ቀድማችሁ መግባት አትችሉም፤ አብራችሁ ወይም ተከትላችሁ ነው። እዚያ የምትቆዩበትን ጊዜ የሚወስነው ቪዛው ላይ ያለው ቀን ሳይሆን ስትገቡ የሚከፈተው አይ-94 የሚባለው መዝገብ ነው። እሱንም በገባችሁ ሰሞን ከኢንተርኔት አውጥታችሁ እዩት።

አሁን ጥያቄ። እዚያ ጥግ ያለሽው፣ ቅድም እጅሽን አውጥተሽ ነበር።

“ልመለስ ነው ወይ ቢሉኝ፣ መቼ ነው የምመለሰው ልበል?” ጥሩ ጥያቄ ነው። ቀን አትፍጠሪ። አይ-20ው ላይ የሚያልቅበት ቀን አለ፤ እሱን ነው የምታውቂው። ከዚያ እሱ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ፣ የሚጠብቀው ሥራ ካለ፣ የተዋችሁት ቤትና ቤተሰብ ካለ እሱን ትናገሪያለሽ። ሁለታችሁ አስቀድማችሁ ካልተነጋገራችሁበት ግን እዚያ ቆመሽ አትፈጥሪውም። እውነቱን ለመናገር ብዙ ባልና ሚስት ይህን ጥያቄ መጀመሪያ የሚሰሙት ከኦፊሰሩ ነው።

ሌላ? እሺ፣ አንተ።

“ሁለተኛው ጊዜ አንቺ ምን አልሽ?”

ከአራት ወር በኋላ ነው የሄድኩት። ሴት ነበረች ኦፊሰሯ፣ ፈገግታም የላትም። ፎርሙን አየችና “ባለፈው ሥራ እፈልጋለሁ ብለሽ ነበር” አለችኝ። ተጽፎ ተቀምጧል ለካ! እግሬ ከዳኝ። “አዎ ብዬ ነበር። ኤፍ-2 መሥራት እንደማይችል ያኔ አላውቅም ነበር፣ አሁን አውቃለሁ” አልኳት። “ታዲያ ምን ትሠሪያለሽ?” አለች። ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ያለ ኮሌጅ የግማሽ ጊዜ የእንግሊዝኛ ኮርስ እንዳለው፣ በሳምንት ሁለት ቀን እንደሆነ፣ ዋጋውንም ነገርኳት። አንገቷን ነቀነቀች። “ባለቤትሽ ምንድን ነው የሚያጠናው?” አለች።

እንግዲህ በእነዚያ አራት ወራት ማታ ማታ ያወራነው ይህንኑ ነው። የስንዴ ዋግ አልኳት። ዋግ ፈንገስ ነው፣ ስንዴው ግንድ ላይ ዝገት የመሰለ ዱቄት ያወጣል። በነፋስ ነው የሚሄደው፣ ከአገር አገር ይሻገራል፣ ገበሬው ጠዋት ደህና ያየውን ማሳ በሳምንታት ውስጥ ያጣዋል። እሱ የሚያጠናው የትኛው ስንዴ እንደሚቋቋመው ነው። የበሽታው ዘር ደግሞ መልኩን ይቀያይራል፣ ዛሬ የተቋቋመው ስንዴ ነገ ይሸነፋል፣ ለዚህ ነው እኮ...

“ይበቃል፣ ይበቃል” አለችኝ። ያኔ ነው ፈገግ ያለችው። ፓስፖርቴን ወደ ራሷ ሳበችው። ስለ ፈንገሱ ገና ግማሹንም አልነገርኳትም ነበር።